ኩራት ትዕቢት የሚሆነው መቼ ነው? ትራጀዲን ለሚያስተምሩና ለሚማሩ

ተማሪዎች በትራጀዲ ትምህርት ላይ «መሪው ለምን ወደቀ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ «ትዕቢተኛ ስለ ነበረ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም አይበቃም። አርስጣጣሊስ እንዳስረዳው የትራጀዲ ዋና ገጸ ባሕርይ ፍጹም ክፉ ሰው ሊሆን አይገባም፤ ክፉ ሰው ቢወድቅ ተመልካች አያዝንለትምና። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ማስተካከል ይሻላል፦ ሰውየውን ከፍ ያደረገው ኩራት በየትኛው ትዕይንት ላይ ትዕቢት ሆነ?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምክር በሚሰጥበት ትዕይንት ነው። የተመሰገነ ሰው ምክር የማያስፈልገው ይመስለዋል፤ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባልዋን መጽሐፍ አጠበች» መባሉም ለዚህ ነው። በሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ንጉሥ ክሬኦን ከጦርነት በኋላ በከተማው ሥርዓት ለማስከበር ይነሣል። ዓላማው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ከዳተኛ ያለው ሰው እንዳይቀበር ያዝዛል፤ ወንድምዋን የቀበረችውን አንቲጎኔን ከነሕይወትዋ በዋሻ እንድትዘጋ ይፈርድባታል። ልጁ ሄሞን ሕዝቡ እንዳዘነላት ሲነግረው ምክሩን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ነቢዩ ቲሬስያስ ሲያስጠነቅቀው በገንዘብ ተገዝተሃል ይለዋል። በመጨረሻ ልቡ ቢመለስም ጊዜው አልፎ ነበር፤ አንቲጎኔን፣ ልጁንና ሚስቱን ሞት ወሰዳቸው።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ዐፄ ቴዎድሮስን የተውኔት ርእስ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት የቋራው ካሣ የመሳፍንቱን ዘመን የዘጉት በራሳቸው ላይ በነበራቸው ጽኑ እምነት ነው። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው እንዳጡ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ ክብራቸው እንደ ተነካ ቆጥረው ቆንሲሉን ካሜሮንንና ሌሎችን አሰሩ። ነገሩም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው በመሞታቸው ተፈጸመ።

ይህ በመድረክና በጥንት ታሪክ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሐርጌሳ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች ምሁራን የተጎሳቆለውን የከተማውን ሆስፒታል በራሳቸው ጥረት ለማሻሻል ተባብረው ነበር። የዚያድ ባሬ መንግሥት ግን ሥራቸውን እንደ አድማ ቆጥሮ አሰራቸው፤ በየካቲት 1974 ዓ.ም. ተማሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። በተውኔት ቋንቋ ይህ የሄሞን ትዕይንት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ተነገረ፣ ሰሚ ግን አላገኘም። በ1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሲያጠቁ የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። በሐርጌሳ መካከል በሐውልትነት የቆመው ሚግ አውሮፕላን ያንን ያስታውሳል። በጥር 1983 ዓ.ም. መሪው ከመቃዲሾ ሸሹ። እንዲህ ያለው ውድቀት ታሪክ ነው፤ ትራጀዲ ለመሆን፣ እንደ ክሬኦን፣ መሪው ጥፋቱን ራሱ የሚያይበት ትዕይንት ያስፈልገዋል።

መምህራን ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው በሚያነቡት ተውኔት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ሊያወያዩባቸው ይችላሉ፦

1. መሪውን ከፍ ያደረገው በጎ ጠባይ የትኛው ነው?
2. ማን መከረው? ምን ብሎ መለሰ?
3. ከእርሱ አስቀድሞ የተጎዳው ማን ነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጠው። አንቲጎኔ የሞተችው ክሬኦን ከመጸጸቱ በፊት ነው፤ ሐርጌሳም የፈረሰችው ዚያድ ባሬ ከመሸሻቸው በፊት ነው።