የዐሥር እጥፍ፣ የዐስር ጥላ



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት በነበርኩበት ጊዜ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለች አንዲት ትንሽ መስጂድ ለዉዱእ ቦታው መብራት ሊገባለት ነበር። ሽቦውን ዝናብና አይጥ እንዳያገኘው በብረት ኮንዲዩት፣ ማለትም ሽቦ በሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዲሄድ ተወሰነ። ከጀመዓው በተዋጣ ገንዘብ ሦስት ቱቦ ተገዛ። እኔ ደግሞ "የኢንጂነሪንግ ተማሪ አይደል እንዴ" ተብዬ ማጠፊያው ተሰጠኝ።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ከግድግዳው ጫፍ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የኮንክሪት ቢም አለ። ቱቦው ግድግዳውን ተለጥፎ ይመጣና ቢሙ ጋ ሲደርስ 10 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ የቢሙን ፊት ተከትሎ ይሻገራል። ስለዚህ ሁለት ቦታ መታጠፍ አለበት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ቱቦውን ከግድግዳው ያርቀዋል፤ ሁለተኛው መልሶ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ያደርገዋል። በአካባቢው ለብዙ ዓመታት መብራት የዘረጉ አንድ ጋሼ አጠገቤ ቆመው "በ30 ዲግሪ ከሆነ ዐሥሩን እጥፍ አድርገው" አሉኝ። እኔም በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ምልክት አድርጌ በሁለቱም ላይ እጥፍ አደረግሁት። ቱቦው ከግድግዳው የራቀው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ላቃናው ብሞክር መታጠፊያው ላይ ተጨፈለቀ። ማጠፊያውን በደንብ ስላልያዝኩት ነው ብዬ ሁለተኛውን ቱቦ በጥንቃቄ ደገምኩት። ያው 5 ሆነ።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "የዐሥር እጥፍ ስንት ነው?" አሉኝ።

"ሃያ።"

"ታዲያ ሃያ ላይ ምልክት አታደርግም? እጥፍ ስልህ ማጠፉን መሰለህ?"

የእሳቸው "እጥፍ" ሁለት ጊዜ ማለት ነበር፤ የእኔ "እጥፍ" ማጠፍ። ከሦስቱ ቱቦ ሁለቱ በአንድ ቃል ሄዱ። የሰው ሰደቃ ነውና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌሊቱን ሒሳቡን ስሠራው ግን ይህን ቁጥር ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ እንደማውቀው ተሰማኝ።

ቱቦው ከግድግዳው ተነስቶ ቢሙ ፊት እስኪደርስ በሰያፍ ይሄዳል። ግድግዳው አንድ ጎን፣ የ10 ሳንቲ ሜትሩ ከፍታ ሌላ ጎን፣ ሰያፉ ቱቦ ደግሞ ረጅሙ ጎን የሆነበት ቀጤ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። በ30 ዲግሪ ሲታጠፍ ሰያፉ የከፍታው 2 እጥፍ ይሆናል። በ45 ዲግሪ 1.4፣ በ22.5 ዲግሪ 2.6፣ በ60 ዲግሪ 1.2 ያህል እጥፍ ነው። በክፍል ውስጥ ኮሴካንት የምንለው ይኸው ነው። ባለሙያዎች 30 ዲግሪን የሚወዱት በልባቸው ሊያባዙት ስለሚችሉ ነው፤ ሁለትን ለማባዛት ካልኩሌተር አያስፈልግም።

አሁን ቱቦውን ተዉትና መድረሳ ውስጥ ፊቅህ ስንቀራ ኡስታዛችን ግቢው ውስጥ የተከሏትን ዱላ አስቡ። የዱላው ቁመት ከፍታው ነው፤ መሬት ላይ የተኛው ጥላ ግድግዳው ነው፤ ከዱላው ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ የሚወርደው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ሰያፉ ቱቦ ነው። ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ብላ ስትታይ የ1 ሜትር ዱላ 1.73 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ጨረሩ ግን ልክ 2 ሜትር ነው። የጋሼ "እጥፍ" ማለት ነው።

የዐስር ወቅት በዚህ ጥላ እንደሚታወቅ ሁላችንም ቀርተናል። በሻፊዒይ መዝሀብ የእኩለ ቀኑ ጥላ ተቀንሶ የቀረው ከዱላው ቁመት ጋር ሲተካከል ይገባል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን። በፍኖተ ሰላም ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ቀጥ የምትለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 10 ግድምና ነሐሴ 19 ግድም ነው። በነዚያ ቀናት የእኩለ ቀን ጥላ ስለማይኖር በሻፊዒይ ዐስር የሚገባው ፀሐይ ወደ 45 ዲግሪ ስትወርድ ነው፤ ጨረሩም የዱላውን 1.4 እጥፍ ይሆናል። (ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ ጥላ የሚያገኝ ሰው ካለ እድለኛ ነው።)

የጥንት ዑለማዎቻችን እነዚህን ቁጥሮች በሰንጠረዥ የሠሩት ለቧንቧ ብለው አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይሠራ የነበረው ሐበሽ አል-ሓሲብ የጥላ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። ከእሱ በኋላ አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ (940–998 እ.ኤ.አ.) የጥላውንና የጨረሩን ሒሳብ አስፋፍቷል፤ አል-ቢሩኒም ስለ ጥላ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ የሶላት ወቅቶችን በውስጡ ተንትኗል። ጥላውን "ዚል"፣ ሰያፉን "ቁጥሩ ዚል" ይሉታል። ቁጥር እዚህ ላይ የአማርኛው ቁጥር አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ መስመር ማለት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለይቼ ማሰብ አቅቶኛል።

ከዚሁ ሥዕል ሌላም ነገር ይወጣል። ቱቦው በሰያፍ ስለሄደ ጫፉ ከታሰበው ቦታ አጥሮ ይደርሳል። የሚያጥረው ልክ ጨረሩ ከጥላው የሚበልጠውን ያህል ነው። በ30 ዲግሪ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 2.7 ሳንቲ ሜትር፣ በ45 ዲግሪ 4.1 ሳንቲ ሜትር ይጠፋል። ከመቁረጥ በፊት ይህን መጨመር ነው።

ስሌቱ ልክ ሆኖ እጅ ሊያበላሸው ይችላል። ፌራዮ ፌሮ ሲያጥፍ ስለ መጨፍለቅ አይጨነቅም፤ ፌሮ ውስጡ ድፍን ነው። ቱቦ ግን ባዶ ነው። ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ ሁለቱም ወደ መሐል ይሳባሉና ክቡ ጠፍጣፋ መሆን ይፈልጋል። የእጅ ማጠፊያው የቱቦውን ልክ የሚይዝ የተቦረቦረ ቅስት ያለው ለዚህ ነው፤ ጎኑን ደግፎ እንዳይንጣለል ይይዘዋል። ስለዚህ ቱቦው ከቅስቱ መላቀቅ የለበትም። ዋናውን ኃይል የሚሰጠው ማጠፊያውን የረገጠው እግር ነው፤ እጅ እጀታውን ይመራል እንጂ አይጎትትም። እግር ቀለል ብሎ እጅ ከጎተተ ቱቦው ይሰበራል። ሁለተኛውን መታጠፊያ ለመሥራት ቱቦው ግማሽ ዙር ሲዞር ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ጠማማ ይሆናል፤ አስቀድሞ በቱቦው ርዝመት ቀጥ ያለ መስመር በማርከር ማስመር ከዚህ ያድናል። ተቆርጦ የቀረውን ስለታም ጠርዝ በሞረድ ማለስለስም አይረሳ፤ ካልሆነ ሽቦው ሲሳብ ሽፋኑን ይልጠዋል። የዉዱእ ቦታ ደግሞ እርጥብ ነውና የብረት ቱቦ ያለ ኧርዝ መተው በነፍስ መጫወት ነው።

መታጠፊያ ማብዛትም ዋጋ አለው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ሽቦ በሚሳብባቸው ሁለት ሳጥኖች መሐል ያሉት መታጠፊያዎች ድምር ከ360 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያዛል፤ አራት ሙሉ ማዕዘን ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሽቦው አይሳብም፣ ከተሳበም ይጎዳል። በ30 ዲግሪ የተሠራው የእኛ ዓይነቱ ግን ሁለቱ ተደምረው 60 ብቻ ናቸው። በሁለት ኤልቦ ቢሠራ 180 ይሆን ነበር።

ቤት ውስጥ የምናየው አብዛኛው ኮንዲዩት ፒቪሲ ነው። ብዙ ሰው ወረቀት አቀጣጥሎ ያሞቀዋል፤ ይጠቁራል፣ ይጨፈለቃል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በልኩ የተሠራ ስፕሪንግ ውስጡ አስገብቶ በጉልበት ላይ ቀስ ብሎ ማጠፍ ይሻላል። በብርድ ጠዋት መጀመሪያ በጨርቅ ማሸት ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ፒቪሲ ይሰነጠቃል። መልሶ ስለሚቀናም ከሚፈለገው ትንሽ አልፎ ማጠፍ ነው።

ወፍራም የብረት ቧንቧ በእሳት የሚያጥፉም አሉ። እንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ በእሳት ሲታጠፍ ያየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ለቧንቧ ግን ውስጡ በአሸዋ ተሞልቶ ሁለቱ ጫፍ ይደፈናል፤ አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይፈነዳል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧን ግን እሳት ላይ ባታደርጉት ይሻላል፤ የተቀባው ዚንክ ሲተን ጭሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል።

ሦስተኛውን ቱቦ በማግስቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ምልክት አጠፍኩት፤ ቢሙ ላይ ልክ ገጠመ። ከተበላሹት ሁለቱ ቀጥ ያለውን ቆርጠን በመገጣጠሚያ ቀጠልነውና ለመንገዱ በቃ። የተረፈችውን የ5 ሳንቲ ሜትር እጥፍ ጋሼ ግድግዳው ላይ መቷት፤ አሁን ኢብሪቅ ይሰቀልባታል።