አይቲ ካርዱ ላይ አለ፣ እጁ ላይ የለም፦ ወላጆች የልጆቻቸውን የኮምፒውተር ትምህርት እንዴት ሊያስከብሩ ይችላሉ?

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመትም በዚህ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር ጨመረ። ይሁንና ለዓመታት አይቲ ተምሮ፣ ካርዱ ላይ ጥሩ ውጤት እያመጣ፣ ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ዛሬም አለ። በመምህርነት ዘመኔ ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተስሎ ተማሪዎች ሲማሩ አይቻለሁ።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አይቲ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚፈተኑት ትምህርቶች ውስጥ ስለሌለ የትምህርት ቤቱ ትኩረትና በጀት ወደ ሌሎቹ ያደላል። ወላጅም በስብሰባ የሚጠይቀው ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ይረሳል።

የኮምፒውተር ትምህርት መተየብ መልመድ ብቻ አይደለም። አንድን ችግር ከፋፍሎ በቅደም ተከተል መፍታትን ያስተምራል። ይህ ቅደም ተከተል አልጎሪዝም ይባላል። ቃሉ የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በይተል ሒክማ ይሠራ ከነበረው ሙስሊም የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ዕውቀቱ ለቤታችን ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ?

1. መጀመሪያ ያጣሩ። ልጅዎን ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት የአይቲ ክፍለ ጊዜ አላችሁ? ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል ገባችሁ? አንዱን ኮምፒውተር ለስንት ትጠቀማላችሁ? የሁለተኛ ደረጃ የአይቲ መጽሐፍ የፕሮግራሚንግ ምዕራፍ አለው፤ ተምረውት ወይስ ተዘሎ እንደሆነ ደብተሩ ይነግርዎታል።

2. ብቻዎን አይሂዱ። አንድ ወላጅ ሲናገር ቅሬታ ይባላል፤ አሥር ሆነው ሲመጡ አጀንዳ ይሆናል። ጉዳዩን በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ያቅርቡ። የአይቲ መምህሩንም አስቀድመው ያነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ተከሳሽ ሳይሆን አጋር ያድርጉት።

3. ጊዜውን ይምረጡ። የዓመቱ ዕቅድና በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መልሱ "ለከርሞ" ነው። ጥያቄውን ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂውንም ይያዙ። መልስ ከጠፋ ቀጣዩ በር የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ልጅዎ በግል ወይም በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ከምዝገባ በፊት ይጠይቁ።

4. የሚቆጠር ነገር ይጠይቁ። "ኮምፒውተር ይገዛልን" ሲባል "በጀት የለም" ይባላል። ይልቁንም፦ የተበላሹት ይጠገኑ፤ የተቆለፈው ክፍል ይከፈት፤ እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ በቡድን ይግባ፤ ከውጤቱ የተወሰነው ከተግባር ፈተና ይሁን።

5. ሴት ልጆችን አይርሱ። አንድ ኮምፒውተር ለአራት ሲሆን ኪቦርዱን የሚይዘው ቀድሞ የተሻማው ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆመው ያያሉ። የተራ ሰሌዳ እንዲለጠፍና ልምምዱ ሳይመሽ እንዲያልቅ ይጠይቁ።

6. ጠይቀው ብቻ አይቀመጡ፤ ያግዙ። በጀመዓችን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አሉ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሰጥተው ማሽን ቢጠግኑ ወይም መምህሩን ቢያግዙ ትልቅ ኸይር ነው። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ ይሰጣል። ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ግን ለሁሉም ልጅ አይደርስም፤ የትምህርት ቤቱንም ድርሻ አይተካም።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ለመጪው የወላጆች ስብሰባ ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ኢንሻአላህ፣ አጠገብዎ የሚቀመጠው ወላጅም ያንኑ ይዞ ይመጣል።