ትንፋሽ ያጠራት ቮልስዋገን

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት አሮጌ ቮልስዋገን ስትመጣ ሳትታይ ትሰማለች። ሾፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሳል፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ መኪናዋ ግን በራሷ ልክ ነው የምትወጣው። ብዙ ባለቤቶች ይህን በእርጅና ያሳብባሉ። እርጅናውም ድርሻ አለው። ነገር ግን ያቺኑ ቮልስ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን አምጥተን እዚህ ዳገት ላይ ብናቆማትም ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ምክንያቱ አየሩ ነው።

የሞተር ጉልበት ከቤንዚን ይመጣል ስንል የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው የምንናገረው። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ቤንዚን መጨመር ለማንም አይከብድም፤ የሚያስቸግረው አየሩን ማስገባት ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ያንን ቦታ የሚሞላው የውጭው አየር በራሱ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ በጀርመን ቮልፍስቡርግ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 1,192 ሲሲ ሞተር፣ አራት ኪሎ ሲደርስ 25 ገደማ ይቀረዋል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ ከዚያም ያንሳል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ካርቡሬተር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲሮጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግፊትም ቤንዚኑን ከአንዲት የነሐስ ቀዳዳ ይስበዋል። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሲሊንደር የሚገባው የአየር ክብደት በ25 በመቶ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በ13 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቤንዚን ፍሰት የሚከተለው የግፊቱን ልዩነት በቀጥታ ሳይሆን፣ በትምህርት ቤት ዳግም ዘር የምንለውን ነውና። ሂሳቡ ሲደመር ሞተሩ ከሚገባው ወደ 15 በመቶ የበለጠ ቤንዚን ይጠጣል። ካንዴላዋን ፈትታችሁ ጥቁር ጥላሸት ለብሳ ካገኛችኋት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ካንዴላ ቀለሟ ቡናማ ነው። በባሕር ወለል ልክ የተሠራችውን ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ጠበብ ባለች መቀየር፣ ለደጋ ቮልስ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉልበት ይመልሳል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ስስ አየር ያለበት ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የእሳት ብልጭታዋን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደምም ያግዛል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሞተሩ አፍንጫ የምንመጣው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ ጀርባ ለጀርባ ተኝተዋል። ካርቡሬተሩ አንድ ብቻ ሆኖ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች በአንድ ወገን ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች የሚተነፍሱት በአንዲት የጋራ ቀዳዳ ነበር። ይህ የመሐንዲሶቹ ስንፍና አልነበረም። ሞተሩ ጉሮሮው የጠበበው ሆን ተብሎ ነው፤ ሾፌሩ ነዳጁን ቀኑን ሙሉ ቢረግጥ እንኳ ራሱን እንዳይጎዳ። ቮልስ ከ60 ዓመት በኋላም በመንገዳችን ላይ የምትታየው በዚህ ቁጥብነቷ ጭምር ነው።

ጉሮሮው ቢከፈት ምን እንደሚሆን ያሳየው የፖርሼ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያዋ ግሙንድ የተወለደችው ፖርሼ 356 በዚሁ በቮልስዋገን ሞተር ላይ የቆመች መኪና ነበረች። የዚያን ጊዜዋ ቮልስ ከ1,131 ሲሲ የምታገኘው 25 የፈረስ ጉልበት ነበር። የ356 ሞተር ወደ 1,086 ሲሲ እንዲያንስ ተደርጎ፣ ጉልበቱ ግን ወደ 40 አደገ። ትልልቅ ቫልቮች ያሉት አዲስ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ተሠራለት፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ካርቡሬተር ተሰጠው፣ ድብልቁን የሚጨምቅበት ልክም ከፍ አለ። በ1951 ይህችው ባለ 1,086 ሲሲ መኪና በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቧ አንደኛ ወጣች። ቮልስዋገን ራሱ ወደዚህ መንገድ የመጣው ዘግይቶ ነው። ለ1971 ሞዴል ቴስታታው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ መግቢያ ቀዳዳ ሲወጣለት፣ ባለ 1,285 ሲሲው ሞተር ከ40 ወደ 44 የፈረስ ጉልበት አደገ። የሲሊንደሩ ስፋት ግን አልተነካም።

በተለይ ሁለት ካርቡሬተር ለአዲስ አበባ ክረምት ሌላ ጥቅም አለው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ በሆነ የሐምሌ ጠዋት ረጅሙ የመግቢያ ቱቦ በላዩ ላይ ነጭ አመዳይ ሊይዝ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከጭስ ማውጫው ሙቀት የምታመጣ ቀጭን ቱቦ ከሥሩ ተበይዳለች፤ በዓመታት ውስጥ ግን በካርቦን ትደፈናለች። መኪናዋ በክረምት ብቻ የምትደናቀፍ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን ቱቦ አስፈትሹ። ካርቡሬተሮቹ ቴስታታው ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ረጅሙ ቱቦ ራሱ አይኖርም።

የሚጨመቅበት ልክ ሲነሳ ደጋው የሚክሰን ነገር አለ። ድብልቁ በተጨመቀ ቁጥር ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል፤ ከ7 ወደ 8 እጥፍ ብናሳድገው በንድፈ ሐሳብ 4 በመቶ ያህል እናተርፋለን። ሲበዛ ግን ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። በደጋ ሲሊንደሩ ገና ከመነሻው ብዙ አየር ስለማይገባው ለዚህ አደጋ ያለው ስጋት ያነሰ ነው። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች ግዛቶች 85 ኦክቴን ብቻ ያለው ቤንዚን የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የማትወጣ ቮልስ 8 እጥፍን ልትሸከም ትችላለች። ወደ አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ዳገት ላይ የሚሰማ የብረት ኳኳታ ማስጠንቀቂያ ነው። ለክፍለ ሀገር ጉዞ የምትውል መኪና ብትሆን እኔ አልነካውም።

ይህ ሁሉ የሚታሰበው ሙቀቱ ከተያዘ ብቻ ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየርና በ2.5 ሊትር ዘይት ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ የቆመው በአየሩ መንገድ መካከል ስለሆነ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው በዘይቱ የሞቀ አየር ነው። የመጀመሪያው የሚቃጠል ቫልቭ ብዙ ጊዜ የሱ መሆኑ አያስገርምም። በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች ላይ ለዚህ ሲሊንደር ብቻ ብልጭታው በጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ተደርጓል፤ ኋላም ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ወደ ጎን ተነሣ። ሞተሩን የሚከቡት ቆርቆሮዎችና በዙሪያቸው ያለው ጎማ ለጌጥ አልተሠሩም። አንዱ ሲጎድል ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። ጋራዥ ውስጥ «ይህ ምን ያደርጋል» ተብለው የተጣሉ ቆርቆሮዎች ስንቱን ሞተር እንደበሉ ሳስብ ያንገበግበኛል። ጉልበት የጨመረ ሞተር ሙቀትም ይጨምራል፤ ማራገቢያው ግን ያው ነው፣ የሚገፋው አየርም ሩብ የጎደለው ነው።

እናም ማንም ሰው ባለ ሁለት ካርቡሬተር ሞተር ከማለሙ በፊት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በቀዘቀዘበት ጠዋት የቫልቮቹን ክፍተት ያስለካ፤ በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአራቱም ሲሊንደሮች ጭምቀት ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ የጠፋው ጉልበት እዚያ ነው ያለው። ከዚህ በኋላም ጉልበት ካነሰ፣ ፒስተኑ ከ77 ወደ 85.5 ሚሊ ሜትር የሰፋው ባለ 1,584 ሲሲ ሞተር አለ። በፋብሪካው 50 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አዲስ አበባ ላይ 37 ገደማ ይሆናል። ያቺ ትንሿ 1,200 በቮልፍስቡርግ ከነበራት የሚበልጠው በጥቂት ነው።

እንጦጦ ጫፍ ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ፣ ሲጠፋ አየሩም አብሮ ይቆማል። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይዙር።