የአባት ላንድሮቨር፦ ይታደስ ወይስ ይሸጥ?

ግቢው ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጎማዎቹ ተኝተዋል፤ ከሞተሩ ሥር ድመት ወልዳበታለች፤ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ የመጀመሪያው መደበቂያቸው እሱ ነው። አባትዎ በሕይወት ሳሉ እርስዎንና እህት ወንድሞችዎን ከኋላ ጭነው ለመስቀል አገር ቤት የሚያደርሱበት ላንድሮቨር ፒክአፕ ነው። የጭቃው መንገድ፣ የቤንዚኑ ሽታ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ጩኸት ዛሬም ትዝ ይልዎታል።

አሁን ግን ነገሩ ውሳኔ ላይ ደርሷል። እናትዎ «ወይ አሠሩት፣ ወይ አንሱልኝ» ብለዋል። ታናሽ ወንድምዎ ገዢ አግኝቻለሁ ይላል። ባለቤትዎ ደግሞ መስከረም ሲመጣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚጠብቃችሁ ያስታውሱዎታል። እርስዎ መካኒክ አይደሉም፤ በሕይወትዎ ሠርተው የሚያውቁት የመኪና ሥራ ቢኖር የተነፈሰ ጎማ መቀየር ነው። ቢሆንም ሸራውን በገለጡ ቁጥር እጅዎ መሪውን ይነካል።

መኪናው ላንድሮቨር ባይሆንም፣ ቮልስ ወይም አሮጌ ፔጆ ቢሆንም፣ ጥያቄው ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ነባር መካኒኮችን ቢጠይቁ ደግሞ መልካቸው የሚመሳሰል ታሪኮች ይነግሩዎታል፦ ባለቤቱ አንድ ቅዳሜ በደስታ ፈታታው፤ ብሎኖቹን በጣሳ አጠራቀመ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ መኪናው በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ተሸጠ። ይህ እንዳይደርስብዎ አንድም ብሎን ሳይፈቱ ሦስት ነገሮችን ይወቁ፦ መኪናው የማን እንደሆነ፣ አጥንቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለና እርስዎ ለምን እንደሚፈልጉት። «እችለዋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ሊብሬውን ያውጡ

መኪናው የአባትዎ ነበር፤ ዛሬ ግን የእርስዎ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ስሙን ለማዛወር ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። እናትዎ የጋራ ንብረት ድርሻ፣ እህት ወንድሞችዎም የውርስ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። እርስዎ ሁለት ዓመት ደክመው፣ ገንዘብ አፍስሰው ካደሱት በኋላ «የኔስ ድርሻ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ጠያቂው አልተሳሳተም። የሚጎዳው ግን ቤተሰቡ ነው።

ስለዚህ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባሉበት ይነጋገሩ። ድርሻቸውን ይገዛሉ? ወይስ መኪናው የጋራ ሆኖ እርስዎ ያወጡት ወጪ ይመዘገባል? የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። በወንድማማች መካከል ወረቀት ማዘጋጀት የሚያሳፍር ቢመስልም ዝምድናን ከሚጠብቁ ነገሮች አንዱ ነው።

ቀጥሎ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ያመሳክሩ። በአሮጌ መኪና ላይ ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ መቅረቱ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ካልተገናኘ ማስተካከያው ምን እንደሆነ ከተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ያልታደሰው ቦሎና ያለፈው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራም ምን እንደሚያስከትል እዚያው ይወቁ። መንገድ ላይ መውጣት የማይችል መኪና ቢያብረቀርቅም የግቢ ጌጥ ነው።

ቆዳው አያታልልዎ

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ነው። እንግሊዝ ያኔ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የብረት እጥረት ውስጥ ስለነበረች የመኪናው አካል በአብዛኛው የተሠራው በአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም ኮፈኑና በሩ ደህና መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም።

ነገር ግን መኪናውን የሚሸከመው ሻንሲ ብረት ነው። ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳም ብረት ነው። እነዚህ ይዝጋሉ። ብረቱና አሉሚኒየሙ በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፦ ቆዳው ያማረ፣ አጥንቱ የተበላ መኪና።

መመርመር ግን ከባድ አይደለም። ትንሽ መዶሻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይያዙ። በስተኋላ ያለውን አግዳሚ ብረት፣ ባሌስትራዎቹ የሚታሰሩባቸውን ቦታዎችና ከሻንሲው ወደ ጎን የወጡትን ክንዶች በመዶሻው ቀስ እያሉ ይምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። በተጠራጠሩበት ቦታ ካቻቢቴውን ይጫኑት፤ ከገባ መልሱን አገኙ። ጥቁር ቀለም በወፍራሙ የተቀባበትን ቦታ በተለይ ይጠርጥሩ፤ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ሻንሲው ላይ ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልያዘ እዚያ ያለው ብረት አይደለም። በበሩና በኮፈኑ ላይ ግን ማግኔት ምንም አይነግርዎትም፤ አሉሚኒየም በባሕርዩ ማግኔት አይስብም።

ላይ ላዩን የዛገ ብረት ተፍቆ ይቀባል። ሁለት ሦስት ቦታ የተበሳ ሻንሲ በጎበዝ በያጅ ይጠገናል። ብዙ ቦታ የተበላ ከሆነ ግን ሙሉ ሻንሲ መቀየር ሊያስፈልግ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር ደግሞ የመኪናው መታወቂያ ስለሆነ የወረቀቱ ጣጣ አብሮ ይመጣል። ለጀማሪ ማቆሚያው መስመር እዚህ ላይ ነው።

ለማስነሳት አይቸኩሉ

ለረጅም ጊዜ የቆመን መኪና ባትሪ አውሶ «እስቲ ይነሳ እንደሆን» ማለት የሚያጓጓ ስህተት ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ሊተርፍ የሚችል ሞተር በአንድ ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በቅደም ተከተል ይሂዱ።

የዘይት መለኪያውን መዘው ያውጡ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ያቁሙና መካኒክ ይጥሩ። ደህና ከሆነና ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ አራቱን ካንዴላ አውጥተው በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ዘይት ያፍስሱ፤ አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩት። ከዚያ ካንዴላዎቹን ሳይመልሱ፣ ማርሹ ነፃ ላይ መሆኑን አረጋግጠው በእጅ ያዙሩት። የድሮ ላንድሮቨር ከፊት የሚገባ የእጅ ማስነሻ ብረት አለው። በእጅ ከዞረ ተስፋ አለ። ቀጥሎ መካኒክ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ይለካልዎት፤ የአራቱ መጠን ከተቀራረበ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ሞተር ማውረድ ሊመጣ እንደሚችል ይገምቱ።

በታንኩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ያስወግዱ፤ ዓመታት የቆየ ቤንዚን ተበላሽቷል፤ የታንኩን ዝገትም ይዞ ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ባትሪ ሲያስገቡም በቀደሙት ሞዴሎች ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ እንደነበረ ያስታውሱና የእርስዎን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሲነሳ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል።

ተነሳ ማለት ግን ይነዳል ማለት አይደለም። የፍሬኑ ጎሚኒዎች ደርቀው ይሆናል። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ አርጅቷል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሐዝ ይፈልጉ፦ 2315 ካለ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሐዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው የተሠራው ከ2000 በፊት ነው፤ እንደዚህ ባለ ጎማ ልጅ አይጫንም።

ለምን ይፈልጉታል?

ለዚህ ጥያቄ ለራስዎ እውነቱን ይመልሱ። የዚህ መኪና 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር በአንድ ሊትር የሚሄደው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሪው ከባድ ነው፤ የአራቱም እግር ፍሬን የድሮው የከበሮ ዓይነት ነው፤ ከኋላ የደህንነት ቀበቶ የለውም። ልጆችን በየቀኑ ትምህርት ቤት ለማድረስ ካሰቡት ይተዉት።

ለትርፍ ካሰቡትም ቆም ይበሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ» የሚል ወሬ ሰምተው ይሆናል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም በድሮ ዋጋው አይገኝም። ለእድሳት የወጣ ገንዘብ በሽያጭ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብለው አይቁጠሩ።

መልስዎ «በዓመት ጥቂት ቀን ቤተሰቡን ይዤ ልወጣበት፣ ቅዳሜዬን ከልጆቼ ጋር ላሳልፍበት፣ የአባቴን ነገር በእጄ ላቆየው» ከሆነ ግን ይህ በቂ ምክንያት ነው። ያኔ ወጪውን እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን ቤተሰብ ለሚወደው ነገር እንደሚያወጣው ገንዘብ ይቆጥሩታል፤ ልኩንም ያበጁለታል።

ቀስ በቀስ

ልኩ የሚበጀው እንዲህ ነው። ከሁለት ጋራዥ በጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ፤ ላልታሰበ ነገር ቢያንስ ሲሶውን ይጨምሩበት። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን አይንኩ። ለዚህ ሥራ መበደር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ሁሉንም በአንዴ አይፍቱ። መጀመሪያ ሻንሲው ይጠገን፤ ከዚያ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት፤ ከዚያ ሞተር። ቀለም የመጨረሻው ነው። ብዙዎች ስለሚያምር ከቀለም ይጀምራሉ፤ በኋላ በያጁ ሲመጣ የቀለሙ ገንዘብ ይቃጠላል። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላውን አይክፈቱ። የፈቱትን ሁሉ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹን በየከረጢቱ አድርገው ስም ይጻፉባቸው። ቁልፍ ሲገዙ ደግሞ የድሮ ላንድሮቨር ብሎኖች በአብዛኛው በኢንች የተለኩ መሆናቸውን አይርሱ፤ በሚሊሜትር ቁልፍ ከታገሉ ጠርዛቸውን ይበላሉ።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ክፍል ይዘው ይሂዱ፤ በቃል ማስረዳት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። የጋራዡን ቋንቋም ይልመዱ። ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ሊብሬና ቦሎ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ ምን እንደተሠራለትም ይጠይቃል።

ልጆች ካሉ ሕጉ ጥብቅ ይሁን። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ብረት ይቁምለት። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ቤንዚን ባለበት እሳትም ሲጋራም አይኑር። ለልጆች የሚሆን ሥራ ሞልቷል፦ ብሎን ማጠብ፣ ከረጢት ላይ ስም መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳት።

መሸጥም ውሳኔ ነው

ወረቀቱ አልሆን ካለ፣ ሻንሲው ከተበላ፣ ወይም ቤቱ ይህን ወጪ የሚችልበት ጊዜ ካልሆነ፣ ሳይፈቱ በሙሉነቱ ይሽጡት። ያልተፈታ መኪና ለሚያውቅበት ሰው ዋጋ አለው። ከመሸጥዎ በፊት እናትዎን ጋቢና አስቀምጠው፣ ልጆቹን ከኋላ አሳፍረው አንድ ፎቶ ያንሱ። አባትዎን የከዱ አይምሰልዎት፤ እሳቸው መኪናውን የገዙት ቤተሰባቸውን እንዲያገለግል ነው።

ዛሬ መወሰን የለብዎትም። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን ይግለጡ፤ መዶሻውን፣ ካቻቢቴውንና አንድ ደብተር ይያዙ። እናትዎ ወንበር አውጥተው አጠገብዎ ይቀመጡ፤ ይህን መኪና ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ሻንሲውን እያንኳኩ ያገኙትን ይጻፉ። ለድመቷም አስቀድመው ሌላ ቦታ ይፈልጉላት።