ዩኩሌሌ፤ ቋንቋ ያቆየች ትንሽ መሣሪያ

ብዙዎቻችን ዩኩሌሌን የጊታር ግልገል ናት ብለን እናልፋታለን። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በ1879 (እ.ኤ.አ.) ከማዴራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ሆኖሉሉ የገቡ ፖርቱጋሎች ባለ አራት ክር መሣሪያ ይዘው መጡ። ከመካከላቸው ሦስት አናጢዎች ኮዋ በሚባለው የሃዋይ እንጨት ይሠሯት ጀመር፤ ንጉሥ ካላካዋም ቤተ መንግሥት አስገቧት። ስሟም «ዘላይ ቁንጫ» ማለት ነው ይባላል።

በ1896 የወጣ ሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ሲያዝ፣ የሃዋይ ቋንቋ ከክፍል ተባረረ። በየግቢው በዩኩሌሌ የሚዘፈነው ዘፈን ግን ቋንቋውን አልለቀቀም። በ1970ዎቹ ወጣቶች ባህላቸውን መልሰው ሲፈልጉ ዘፈኑ ቆይቶ ጠበቃቸው። በ1978 ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆነ።

እኛም ነገ ክፍል ገቢዎች ነን። ተማሪው ከቤቱ ይዞ የሚመጣውን ዘፈን በር ላይ አናስጥለው!