የመጻሕፍት ደሴት፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ የሀብሩን ቆላማ ሜዳ አቋርጦ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ የሐይቅን ውኃ ያያል። ኅዳር 26 ቀን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓለ ዕረፍት በሚታሰብበት ወቅት በዚሁ መንገድ የሚጓዘው ምእመን ብዙ ነው።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ በእግር ይገባበታል። የዳህናው ተወላጅ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ መንኵሰው በ13ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወደዚህ መጡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትና የዳጋ እስጢፋኖሱ አባ ኂሩተ አምላክ ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ናቸው።

ጻድቁ ለገዳሙ ካወረሱት ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌል ነው። አራቱን ወንጌላት የያዘው ይህ ብራና በሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ ይገኛል።  በዚሁ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል። ብራናው ከፍየል ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል በሚጻፍበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ማስጻፍ ምን ያህል መንጋና ስንት ወራት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ፣ ያን ዝርዝር እንደ ተራ መዝገብ አያየውም።

የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የተማረው እዚሁ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ትምህርት አልገባው ብሎ ብዙ ዘመን ተቸግሯል፤ ባልንጀሮቹ እየቀደሙት እርሱ እህል ይፈጭ ነበር። በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ሲለምን ጽዋዐ ልቡና ተሰጠው ይላል። ልጁ በትምህርት የዘገየበት ወላጅ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

በ1520ዎቹ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ውኃውን በታንኳ ተሻግሮ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። ወንጌሉ ግን ተርፎ ከሰባት ምዕት ዓመታት በላይ ቆይቷል፤ በማይክሮፊልምም ተነሥቶ በሀገር ውስጥና በውጭ ያሉ ሊቃውንት ያጠኑታል።

ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። እናቶችና እኅቶች በአቅራቢያው ወዳለው የሴቶች ገዳም፣ ወደ መርገበታ ጊዮርጊስ፣ ይሄዳሉ።