ሊኑክስ ቀድሞ የማይጠይቀው ለምንድን ነው?

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የቲሲፒን ጠባይ ከሚወስኑት ብዙ ቅንብሮች አንዱ ኢሲኤን የሚባለውን ዘዴ ይመለከታል፤ ከ2009 ጀምሮም ነባሪ ዋጋው 2 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 0 ሲሆን ዘዴው ጨርሶ ይጠፋል፤ 1 ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱም ይጠይቃል፣ ሲጠየቅም ይቀበላል፤ 2 ሲሆን ሌላው ከጠየቀው እሺ ይላል እንጂ ራሱ ቀድሞ አይጠይቅም። ተራ የቴክኒክ ምርጫ ይመስላል። ነገር ግን ነባሪ ቅንብር የሚቀይረው ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ይህችን ቁጥር የመረጠ ሰው በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ መሣሪያዎች ወስኗል። ይህ ውሳኔ በጊዜው ብልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ ተሟጧል።

ጉዳዩን ለመረዳት ኢንተርኔት መጨናነቁን በምን እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። የላቦራቶሪው ተመራማሪ ቫን ጃኮብሰን ያቀረበው መፍትሔ ላኪው ፓኬት እንደጠፋበት ሲያውቅ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው፤ ኢንተርኔትን እስከ ዛሬ የያዘውም ይኸው ነው። ችግሩ ምልክቱ ራሱ ኪሳራ መሆኑ ላይ ነው። የራውተሩ ወረፋ ሞልቶ ፓኬት ሲጣል ያንኑ ፓኬት እንደገና መላክ ግድ ይላል፤ የጠፋው የመጨረሻው ከሆነ ደግሞ ላኪው ሰዓቱ እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል። ኢሲኤን ይህን ይቀይራል፦ ራውተሩ ፓኬቱን ከመጣል ይልቅ በሁለት ቢቶች ምልክት አድርጎበት ያሳልፈዋል፣ ተቀባዩ ምልክቱን አይቶ ለላኪው ይነግረዋል፣ ላኪውም ምንም ሳይጠፋበት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ግን የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች ግንኙነቱን ሲጀምሩ ከተስማሙበት ብቻ ነው።

ሊኑክስ ኢሲኤንን በጥር 2001 በወጣው የ2.4 ከርነል ይዞ ብቅ አለ፤ ደረጃው ራሱ የጸደቀው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። መዘዙም ወዲያው ታየ። ጠያቂው ኮምፒውተር በመጀመሪያው ፓኬት ላይ የሚያበራቸው ሁለት ቢቶች ቀድሞ ለወደፊት የተተዉና ዜሮ መሆን የነበረባቸው ናቸው። የዘመኑ ፋየርዎሎች እነዚህ ቢቶች በርተው ሲያዩ የሰርጎ ገብ ፍተሻ ነው ብለው ፓኬቱን ይጥሉታል ወይም ግንኙነቱን ያቋርጡታል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፤ በየጊዜው ያንኑ ቢት አብርቶ ስለሚልክ በየጊዜው ይጣልበታል። ሌላ ስርዓተ ክወና በጫነ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው ገጽ ሊኑክስ ላይ አይከፈትም ማለት ነው። ጥፋቱ የፋየርዎሉ ነው፤ የሚወቀሰው ግን ሊኑክስ ነው። የኔትወርክ ተመራማሪዋ ሳሊ ፍሎይድ በ2002 እንዲህ ያለው ግንኙነት ማቋረጥ ጎጂ መሆኑን የሚያስረዳ ሰነድ አወጣች፤ ሰነድ ግን ተጭኖ የተረሳ ፋየርዎልን አያድስም። በ2.6 ትውልድ ቅንብሩ 0 ላይ ተቀመጠ።

የ2009ኙ ውሳኔ ብልህነት እዚህ ላይ ነው። ማንም ካልጠየቀ ምንም አይሰበርም፤ ስለዚህ ሰርቨሮችን ለመቀበል ዝግጁ ማድረግ አደጋ አልነበረውም። ውጤቱ አስገራሚ ሆነ፦ በ2015 የታተመ ጥናት ከሚሊዮኑ ታዋቂ ድረ ገጾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢሲኤንን እንደሚቀበሉ አረጋገጠ። የሰርቨር አስተዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ያሳመነ ሰው አልነበረም። የሶፍትዌር ማሻሻያ ጫኑ፣ ነባሪው አብሮ ገባ።

«ያልፈለገ ይቀይረው፣ ክፍት ምንጭ አይደለም ወይ?» የሚል አለ። እርግጥ ነው፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ግን ይህ መብት የሚጠቅመው ቅንብሩ መኖሩን ለሚያውቅ ነው፤ በሊኑክስ ከርነል ላይ የተሠራ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ቢያውቅም በተለመደው መንገድ ሊነካው አይችልም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የድሮው ስጋት ነው፦ ዛሬም ያረጀ ፋየርዎል አለ፣ ገጽ የማይከፈትለት ሰው ይኖራል። ይኖራል፤ ያው የ2015 ጥናት ግን ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ከርነል ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ ሁለተኛውን ያለ ኢሲኤን ይልካል፤ ዛሬ የመጀመሪያው ጥበቃ አንድ ሰከንድ ስለሆነ ኪሳራው አንድ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ አሳልፎ ኋላ ምልክት ያለበትን ፓኬት የሚጥል መሣሪያ ካለ ይህ መከላከያ አይደርስበትም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም አፕል በ2015 መሣሪያዎቹ ቀድመው እንዲጠይቁ እንደሚያደርግ አስታውቆ ደረጃ በደረጃ ገፋበት፤ ኢንተርኔትም አልፈረሰም።

«ራውተሮች ምልክት ካላደረጉ መጠየቁ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ክርክር ለዓመታት አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም ሲያስብል ኖሯል። አሁን ግን ራውተሩም እየቀደመ ነው። ኤፍኪው ኮደል የሚባለው የወረፋ አያያዝ ኢሲኤን የተስማማ ፓኬት ሲያገኝ ከመጣል ይልቅ ምልክት ማድረግ ነባሪ ጠባዩ ነው፤ በ2014 የወጣው ሲስተምዲ 217 (ብዙ ስርጭቶች ስርዓቱን የሚያስነሱበት ሶፍትዌር) የራሱ ነባሪ ወረፋ አደረገው፣ ኦፕንደብልዩአርቲ በጫኑ የቤት ራውተሮችም የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሊኑክስ ኮምፒውተሮች፣ በመካከላቸውም ምልክት ማድረግ የሚችል ራውተር ቢኖር፣ ሦስቱም ችሎታው እያላቸው አንዱም አይጠቀምበትም፤ ሁለቱም ጠያቂ የሚጠብቁ ናቸውና። ይህን ጥንቃቄ ማለት ይከብዳል።

በ2023 ኤልፎርኤስ የተባለው አዲስ አሠራር ራውተሩ ምልክት ከሚያደርግባቸው ሁለት ቢቶች ጥምረቶች አንዱን ለራሱ ስለወሰደ እሱ እስኪረጋ እንጠብቅ የሚሉም አሉ። ነባሩ ኢሲኤን ግን አልተሻረም፤ አዲሱ ቢመጣም ግንኙነቱን ሲጀምር የሚጠይቅ ወገን ያስፈልገዋል።

ከርነሉ ወደ 1 መሄድ አለበት፤ የዴስክቶፕ ስርጭቶች ቢጀምሩት ይመረጣል፣ ችግር ሲገጥማቸው የሚናገሩ ተጠቃሚዎች ያሏቸው እነሱ ናቸውና። እስከዚያው ሊኑክስ የምታስተዳድሩ ሁሉ በራሳችሁ ማሽን ላይ 1 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ እምቢ ያለ ገጽ ካገኛችሁ ቅንብሩን ከመመለሳችሁ በፊት ለገጹ ባለቤት ፋየርዎሉን እንዲያሳድስ ንገሩት።